ነዒማ የመረጠችው ካሜራ

እህቴ ነዒማ መቀሌ ውስጥ የሙስሊም ሠርግ ፎቶ አንሺ ናት፤ የሴቶቹን ወገን። እህቴ ስለሆነች አይደለም የማወድሳት፤ እህቴ ስለሆነችማ ሥራዬ እሷን መቆጣት ነው። ከደሴ አብረን መጥተን እኔ ዓዲ ሓቂ ገበያ ጨርቅ ስሸጥ እሷ ካሜራ ይዛ ቀረች።

በሠርጋችን የሴቶች አዳራሽ ወንድ አይገባም። ሂጃብ ይወልቃል፣ ሹሩባ ይታያል፣ ይጨፈራል። ነዒማም የምታነሳት ሴት አይታት በእሺታ ራሷን ካልነቀነቀችላት ካሜራዋን አታነሳም። ስለዚህ ሴቶቹ ያምኗት ነበር።

አምና ግን አንዲት እንግዳ ጥግ ይዛ በስልኳ በድብቅ ያነሳችው የሴቶቹ ፎቶ ወጣና ሰፈር ለሰፈር ዞረ። በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል እንዲሉ፣ አዳራሾቹ ለእህቴም ተዘጉ። ሰባት ወር ሥራ ፈታች፤ በዚያ ላይ አሮጌው ካሜራዋ ተበላሸ። በመጨረሻ ልጇን ኢክሪማን የምትድረው ወይዘሮ ሙስሊማ፣ ካሜራ ይዘሽ ነይ፣ መግባትሽን ግን በሩ ላይ አይቼ ነው የምወስነው አለቻት። እዚያ በር ላይ ከተመለሰች ሌላ ማንም እንደማይጠራት ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ካሜራ ልንገዛ ሄድን። ሻጩ ሔሩይ ሁለት አወጣልን፤ ሁለቱም ኪስ የሚገቡ፣ ሁለቱም የባለሙያ ዕቃ፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ። አንደኛው ሌንሱ ሲዘረጋ ከሱቁ ደጃፍ ሆኜ እንዳ ኢየሱስ ዳገት ላይ የሚሄድ ተማሪን ቦርሳ አየሁ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሁለተኛው ሩቅ አይስብም፤ ጨለም ባለ ቦታ ያለ ፍላሽ ጥሩ ያነሳል፣ በቃ። ሔሩይም፣ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ የመጀመሪያው ሁሉን ይችላል እያለ አግባባት።

ነዒማ ሁለተኛውን ይዛ፣ እኔን ብርሃን የማይደርስበት የሱቁ ጓዳ አቆመችኝ። ቀረበችኝ፣ ራሴን እስክነቀንቅ ጠበቀች፣ አነሳችኝ። ፊቴ ከነቁጣው ቁልጭ ብሎ ወጣ። ቢሆንም፣ አዳራሹን ሙሉ ተቀምጠሽ የምታነሺበት እያለ ምን ነክቶሽ ነው አልኳት።

“ሩፋይዳ፣ ከሩቅ የሚያነሳ ካሜራ የማንንም እሺታ አይጠብቅም” አለችኝ።

ሁለተኛውን ገዛች። እስከ ቤት ድረስ ባጃጅ ውስጥ አኮረፍኳት።

የሠርጉ ቀን ወይዘሮ ሙስሊማ በር ላይ አቆመችን። ከኋላዋ ሴቶቹ ሻሻቸውን ጥብቅ አድርገው ያያሉ። ካሜራው እስከ የት ድረስ እንደሚስብ ጠየቀች። ነዒማ ካሜራውን ሰጠቻትና ራስዎ ይሞክሩት አለቻት። ሙስሊማ ወደ አዳራሹ ማዶ አነጣጠረች፣ የቻለውን ያህል ሳበች። ማዶ ያሉት ሴቶች ባቄላ አክለው ቀሩ።

“ፊታቸው አይለይም” አለች።

“አይለይም። አጠገባቸው ደርሼ እሺ ካላሉኝ አላነሳቸውም።”

ሙስሊማ ካሜራውን ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ እህቴንም አየቻት። ከዚያ መለሰችላትና ሻሿን ፈታች። ሂና የነካው ሽበቷ ትከሻዋ ላይ ወረደ።

“በሊ ጓለይ፣ በይ ልጄ፣ ከእኔ ጀምሪ።”

ከኋላዋ ያሉት አንድ በአንድ ሻሻቸውን መፍታት ጀመሩ። እኔ፣ ለሰው ምስጋና የማይወጣልኝ ሩፋይዳ፣ ያን ቀን አጠገቤ ለተቀመጠች ለማላውቃት ሴት ሁሉ “እህቴ ናት” ስል ዋልኩ።