የመሐሉ አራት ወረቀት

ሰፈርተኛው «መርማሪዋ» ይላታል፤ ፊት ለፊቷ ግን የሚደፍር የለም። ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከመኖሪያ ቤቷ ጋር በአንድ በር የተያያዘች ጠባብ ክፍል ስትሆን ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛና አንድ ትልቅ መስታወት ብቻ ትይዛለች። ደንበኛ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ እዚያው ፊቱ ትለካለች፤ ልብሱን ስታስረክብም ቁርጥራጩን በፌስታል አድርጋ አብራ ትሰጣለች። «ሰረቀችኝ ብሎ የሚተኛ ሰው እንዲኖር አልፈልግም» ትላለች። ሙያውን በልጅነቷ የተማረችው ከደንበኛ ጨርቅ እየቀነሰ ለልጆቹ ሸሚዝ ከሚሰፋ ሰውዬ ዘንድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ፈገግ ሲልላት መጀመሪያ የምታየው እጁን ነው።

ባሏንም ያገባችው ከብዙ ምርመራ በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክላርኔት የሚያስተምር ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። አንድ ቀን የኮቱን ቁልፍ ሊያስተክል መጣ። በሳምንቱ ሌላ ቁልፍ ተበጥሶ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት ክሩን አየት አድርጋ ቁልፉ በመቀስ የተቆረጠ መሆኑን ዐወቀችበት። ሰውዬው የፈለገው ምን እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነበር፤ እሷ ግን አንድ ዓመት ሙሉ አከራዩንም፣ የጽሕፈት ቤቱን ጸሐፊም፣ ጫማ ጠጋኙንም ስትጠይቅ ከረመች። ሌላ ሚስት አለው ወይ? ይጠጣል ወይ? ምንም ስላልተገኘበት አገባችው። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

ባልየው ኖታ የሚጽፍባቸውን ወረቀቶች አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት አድርጎ አጥፎ ይሰጣት ነበር፤ እሷ መሐላቸው ላይ በወፍራም ነጭ ክር፣ በድርብ ሰፍታ ደብተር ታደርግለት ነበር። ምን እንደሚጽፍባቸው ጠይቃ አታውቅም። ኖታ ማንበብ አትችልም፤ እሱም ሲጽፍ ሰው ሲያየው አይወድም። በዚህ አንድ ነገር ብቻ ሳትመረምር አመነችው።

ከሞተ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ «ረጅሙ» በሩ እንዳይመታው ጎንበስ ብሎ ሱቋ ገባ። ረጅሙ የባሏ ተማሪ የነበረ፣ አሁን በእሱ ቦታ የሚያስተምርና የዩኒቨርሲቲውን የትንፋሽ መሣሪያዎች ቡድን የሚመራ ጎልማሳ ነው።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደህና። ምን ተገኘ? ዛሬስ ጫማህ ሳይቀር ያበራል።»

ካርድ አውጥቶ ሰጣት። ቡድኑ ኮንሰርት ሊያቀርብ ነው። የሚጫወታቸው አራት ሥራዎች ሁሉ ለሰው መታሰቢያ የተጻፉ ናቸው፤ አንዱ ውኃ ለወሰደው ጓደኛ፣ አንዱ ለእናት፣ አንዱ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች።

«የመጨረሻው የእኔ ነው» አለ። «ለመምህሬ የጻፍኩት።»

«ለየትኛው መምህርህ?»

«እትዬ ደግሞ! ለእሳቸው ነዋ!»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን መነጽሯን ዝቅ አድርጋ በላዩ አየችው።

«በስንት ጊዜ ጻፍከው?»

«በሦስት ወር ገደማ።»

«እሱ አንዷን ነገር ዘጠኝ ዓመት ሲጽፍና ሲሰርዝ ኖሮ ሳይጨርሳት ሄደ። አንተ በሦስት ወር?»

የረጅሙ ጆሮ ቀላ። «እሳቸው በጣም ጠንቃቃ ነበሩ» አለ ወለሉን እያየ። ከዚያ ቶሎ ብሎ ወሬ ለወጠ፤ የሃያ ስምንቱ ተጫዋቾች ጥቁር ኮቶች በልካቸው እንዲስተካከሉ ዩኒቨርሲቲው እንደሚፈልግ ነገራት። እሺ አለችው። ሥራ ጠፍቶባት አይደለም፤ ልምምዱ ላይ ለመግባት ሰበብ አገኘች።

እሱ እንደወጣ ሱቁን ዘጋችና የባሏን ደብተሮች ከቁም ሣጥኑ አወረደች። ከቀብሩ በኋላ ረጅሙ «ኮፒ ላድርጋቸው» ብሎ ለሁለት ሳምንት ወስዷቸው ነበር። ሲመልሳቸው ብዛታቸውን እንጂ ውስጣቸውን አላየችም። አሁን አንድ በአንድ ገለጠቻቸው። ስድስቱ ደህና ናቸው። ሰባተኛው፣ የመጨረሻው፣ ሲነካ ሳሳባት። ወረቀቶቹን ቆጠረች፤ አሥራ ሁለት። ደግማ ቆጠረች፤ ያው አሥራ ሁለት። መሐሉን ስትከፍት የተሰፋበት ክር ነጭ አይደለም። ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ክር ነው፤ ቋጠሮውም የልብስ ሰፊ ቋጠሮ አይደለም። የእሷን ስፌት ተርትሮ፣ ከመሐል አራት ወረቀት አውጥቶ፣ መልሶ የሰፋ ሰው አለ።

«ያዝኩህ» አለች ብቻዋን።

ማክሰኞ ሜትሯንና እስፒሏን ይዛ ልምምድ አዳራሽ ገባች። አዳራሹ ዝቅ ያለ ጣሪያ ያለው፣ ወንበሮቹ በግማሽ ክብ የተደረደሩበት፣ ቫዝሊንና አሮጌ ምንጣፍ የሚሸት ክፍል ነው። ተጫዋቾቹ ሲነፉ እሷ ከኋላ እየዞረች ትከሻና እጅጌ ትለካለች። እስፒሎቹን በከንፈሯ ስለያዘች ማንም አያናግራትም፤ ለእሷም እንዲህ ተመቸ። የረጅሙ ሥራ ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ ትሮምቦኖቹ ያጉረመርማሉ፤ ምንም አላላትም። ወደ መሐል ሲደርስ ሁሉም ጸጥ አለና አንዲት ክላርኔት ብቻዋን ቀረች።

ዜማውን ዐወቀችው። ባሏ ጢሙን ሲላጭ፣ አፉን ወደ አንድ ጎን ጠምዝዞ የሚያንጎራጉረው ነበር። እጇ ከዳትና የትራምፔት ነፊውን ልጅ ትከሻ በእስፒል ወጋችው።

«ወይኔ!» ብሎ ዘለለ።

«ይቅርታ ልጄ፣ ዕድሜ ነው» አለች። ዐይኗ ግን ረጅሙ ላይ ነበር። እሱም ዘወር ብሎ አያት፤ ቡድኑን የሚመራበትን ቀጭን ዘንግ ዝቅ አድርጎ «ዕረፍት!» አለ።

የዚያን ቀን አልተናገረችውም። እሷ ሰውን በግማሽ ማስረጃ አትይዝም። ከጥቁሩ ክር ጫፍ ቆርጣ በወረቀት ጠቀለለችና ወደ ክር ሻጩ ሄደች፤ ለሃያ ዓመት ክር የገዛችው ከእሱ ነው። ሰውዬው ክሩን ጎተተው፣ በጥፍሩ ፋቀው፣ በጥርሱ ሞከረው።

«ይሄ ከእኔ ዘንድ አይደለም» አለ። «ከማንም ሱቅ አይደለም። የአማቼ እግር የተሰፋው በዚህ ነው። የሐኪም ቤት ክር ነው።»

ክሩን በወረቀቱ መልሳ ጠቀለለችው። ረጅሙ ከሐኪም ቤት ጋር ምን አገናኘው? በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆና የምትሠራው የገዛ ልጇ ናት።

ልጅቷ እሑድ ስትመጣ እናትየው ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ ጠበቀቻት። ሰላምታም ሳትሰጣት «ይሄን ማን ሰፋው?» አለች።

ልጅቷ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆመች። «እማዬ፣ እንደገና ጀመርሽ?»

«ማን ሰፋው አልኩሽ።»

«...እኔ።»

«በቁስል ክር?»

«የነበረኝ እሱ ነው። ደግሞ ክሩን አታየውም ብዬ...»

«እኔ? እኔ ክር አላይም?»

ልጅቷ ሳቅም ልቅሶም እየታገላት ተቀመጠችና ነገረቻት። አባቷ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ፣ ሊሞት ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ እናቷ ልብስ ልትቀይር ቤት በሄደችበት ሰዓት ሰባተኛውን ደብተር እንድታመጣለት ለመናት። የመሐሉን አራት ወረቀት አስወጣትና «አቃጥይው» አላት። የአባቷን እጅ ጽሑፍ ማቃጠል አልሆነላትም። «እንግዲያው ለረጅሙ ስጪው፣ እሱ ያቃጥለው። እናትሽ እንዳትሰማ» አላት።

«ምን ነበረበት?»

«ኖታ ነው፤ እኔ የት ዐውቄ? ርእሱ ‹ለ› ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ በእስክሪብቶ ድምጥማጡ ጠፍቷል።»

እናትየው ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። ጥርጣሬው ግን ከረጅሙ ተነሥቶ ከልጇ ደረሰ፤ ከልጇም ተነሥቶ በሞተው ሰውዬ ላይ ዐረፈ። ለማን? በአንድ ወቅት ከቡድኑ ጋር የምትዘፍን አረንጓዴ ካፖርት የምትለብስ ሴት ነበረች፤ እሱ ስለ እሷ ሲያወራ «ጥሩ ትንፋሽ አላት» ይል ነበር። ጥሩ ትንፋሽ! ሦስት ቀን ሙሉ ኮት እየሰፋች የሠላሳ አንድ ዓመት ኑሮዋን ተረተረችው። ያመሸባቸውን ቀናት፣ የሄደባቸውን ጉዞዎች፣ ያልመለሰላቸውን ጥያቄዎች ሁሉ አንድ በአንድ እያነሣች አየች። የአንዱን ኮት እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ እንደገና ፈታችው፤ እንዲህ ያለ ስሕተት ከሠራች ዘመን ሆኗታል።

ኮንሰርቱ ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ኮቶቹን አስረክባ ረጅሙን ቢሮው ድረስ ተከተለችው፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።

«ያልተቃጠለውን ወረቀት አምጣ።»

ረጅሙ አልካደም። ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «እትዬ፣ አቃጥለው ብለውኝ ነበር። ክብሪትም ይዤ ወጥቻለሁ። አልቻልኩም። በኋላ የራሴን ስጽፍ የእሳቸው ዜማ እየመጣ አልወጣ አለኝ፤ አሥራ ስድስት መስመር አስገባሁት። የእሳቸው ነው ብዬ ብጽፍ ቃሌን ማፍረሴ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ሌባ ነኝ።»

«ሌባ ነህ። ወረቀቱን አምጣ።»

ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጣት። ርእሱ በእርግጥ ድምጥማጡ ጠፍቷል። እሷ ግን በጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ስፌት የምታነብ ሴት ናት። ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ለጥፋ፣ ፀሐዩ ከኋላው እንዲመታው አድርጋ፣ ዐይኗን አጥብባ አየች። ከሥሩ የተጻፈው ቀስ ብሎ ወጣላት።

«ለሚስቴ» ይላል።

በሁለተኛው ወረቀትም ያንኑ ጽፎ ሰርዞታል። በሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ኖታው በመሐል ቆሟል፤ ኅዳጉ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «አይመጥናትም። ከሰማችው የት ላይ እንደዋሸሁ ታውቅብኛለች» ይላል።

መጀመሪያ ያደረገችው ነገር የ«ሚ»ን እግር መመርመር ነው። ረጅሙና ልጇ ሊያጽናኗት የሠሩት እንዳይሆን ፈርታ። የእሱ «ሚ» ነበረች፤ እግሯ ሁልጊዜ ወደ ግራ የምታነክስ። ከዚያ በኋላ ነው መቀመጫ የፈለገችው። ረጅሙ ወንበሩን ለቀቀላት።

«ዘጠኝ ዓመት!» አለች። «እኔ ከግድግዳው ወዲያ ሱቅ ውስጥ፣ እሱ ከግድግዳው ወዲህ ቤት ውስጥ። አንድ ቀን ‹እስቲ ስሚልኝ› አይልም? እንዲህ ያለ ሰው ይኖራል?» ተናደደች። ለቀብሩ እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም።

ረጅሙ ዕንባዋ እስኪያባራ ጠበቃት። «ካሉኝ ዜማውን ዛሬውኑ ከሥራዬ አወጣዋለሁ፤ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ።»

«አታወጣውም። መድረክ ላይ ቆመህ የማን እንደሆነ ትናገራለህ። ፕሮግራሙ ታትሟል ብለህ ሰበብ እንዳታመጣብኝ።»

«ለማን እንደተጻፈስ?»

ትንሽ አሰበች። «እሱንም ተናገር። አፍሮ ደብቆኛል፤ እኔ ግን አላፍርበትም።»

ከሰዓት በኋላ ከልጇ ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷን ከእሑድ ጀምሮ አላናገረቻትም፤ ግን አብረው ነው የመጡት። ሃያ ስምንቱ ኮቶች አንድም ሳይጨማደድ በግማሽ ክብ ተሰልፈዋል። ሦስቱ ሥራዎች ካለፉ በኋላ ረጅሙ ወደ ታዳሚው ዞረና በቀጣዩ ሥራ መሐል ላይ ያለው ዜማ የመምህሩ እንደሆነ፣ አቃጥል ተብሎ እንዳላቃጠለ፣ ለባለቤታቸውም እንደተጻፈ ተናገረ። ሰዉ አንገቱን አስግጎ ፈለጋት። እሷ ፊት ለፊት ብቻ አየች።

ክላርኔቷ ብቻዋን ስትቀር መርማሪዋ ፍርድ ቤት እንደተቀመጠ ዳኛ ቀጥ ብላ አደመጠች። ዜማው ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሞክራል፤ ልክ እሱ ሊናገር ፈልጎ ሲተወው እንደነበረው። አንድ ቦታ ላይ ግን ሽቅብ ወጣና ማር ማር ማለት ጀመረ።

«እዚህ ጋ ዋሸ» አለች ጮክ ብላ።

ከፊት የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩዋት። ልጅቷ በእጇ አፏን ያዘች። ዜማው ከማሩ ተመልሶ ወደ ቀድሞ ተራ አካሄዱ ገባ፤ እናትየውም ሳታስበው የልጇን ክንድ ጨብጣ እስከ መጨረሻው አደመጠች። የቀረው ሁሉ እውነት ነበር።

ረጅሙ በኋላ ኖታውን አርሞ ሁለት ስም ጻፈበት። እሷ አራቱን ወረቀቶች ከእሱ ተቀብላ በመስታወት አሠርታ ሱቋ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናው በላይ ሰቀለቻቸው። የሚገርመው፣ የባሏን ኖታ መጠርጠር የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ሌሎቹን ስድስት ደብተሮች እያመጣች፣ ረጅሙ ቅዳሜ ቅዳሜ በክላርኔት እንዲነፋላት ታደርጋለች። «ደግሞ እዚህ ምን ደብቆ ይሆን?» እያለች፣ እጇን በጉንጯ ደግፋ ትሰማለች።