የአሻቢ ቀኝ እጅ

አሻቢ ቀኝ እጇን ቀለም ውስጥ አትነክርም። አርባ አንድ ዓመት አዲሬ የሚባለውን ሰማያዊ ጨርቅ ስታቀልም ኖራለች፤ ጨርቁን ቀለም ጋኑ ውስጥ የምታስገባውም የምታወጣውም በግራ እጇ ነው። ግራው እስከ ክርኑ ጠቁሮ ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል፤ በሳሙናም በአመድም አይለቅም። ቀኙ ግን ንጹሕ ነው። በናይጄሪያዋ አቤኦኩታ ከተማ፣ ከትልቁ አለት በታች ባለው ሰፈር፣ ሌሎቹ ቀለም ነካሪዎች “ግማሽ ሴት” እያሉ ይቀልዱባታል። በአንድ እጅ ስለምትሠራ ሥራዋ ከሁሉም የዘገየ ነው። ግድ የላትም። ቀኝ እጇ ለልጆች አፍ የተጠበቀ ነው።

ልጇ አልበላ ያላት እናት ወደ አሻቢ ትመጣለች። አሻቢ እግሯን ዘርግታ ትቀመጥና ሕፃኑን ጭኗ ላይ በጀርባው ታጋድመዋለች፤ ራሱ ከጉልበቷ አለፍ ብሎ ዘንበል ይላል። ቀኝ መዳፏን እንደ ጭልፋ አጉብጣ ከንፈሩ ላይ ትደግናለች። ኦጊ የሚባለውን የቦካ በቆሎ ሙቅ በግራዋ ከቅሉ ወደ መዳፏ ታፈስሳለች። ሕፃኑ አፉን ከዘጋ በመዳፏ ጠርዝ አፍንጫውን ትደፍናለች። መተንፈስ የፈለገ አፉን ይከፍታል፤ አፉን የከፈተ ይውጣል። ቅሉ ባዶ እስኪሆን መጋት ነው። ከዚያ ሁለቴ ወደ ላይ አንጥራ ለእናቱ ትመልሰዋለች።

የሰፈሩ ሰው ያደገው እንዲህ ነው። የጎረቤቷ ልጅ ላሚዲ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሚኒባስ ይነዳል፤ አንገቱ የበሬ አንገት ነው። እስከ ዛሬ ሲያያት ጉሮሮውን ይይዛል።

“እማማ፣ እርስዎን ባየሁ ቁጥር ትን ይለኛል።”

“ይሄ አንገት የማን ሥራ ነው?”

“የእርስዎ ነው። ፍርሃቱም የእርስዎ ነው።”

መጀመሪያ እንዲህ አልነበረችም። የበኩር ልጇ አካንጂ ይባል ነበር። በዘጠኝ ወሩ ምግብ እምቢ አለ። አሻቢ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሲያለቅስ አብራው እያለቀሰች ቅሉን ታስቀምጥ ነበር። አካንጂ በአሥራ አንድ ወሩ ሞተ። ምን እንደገደለው የመረመረ የለም። ከቀብር መልስ አማቷ አንድ ነገር ብቻ አለቻት፦ “እጅሽ ልል ነው።” ከዚያ በኋላ አምስት ወለደች። አምስቱንም ጋተቻቸው። አምስቱም አሉ።

አዪንላ የመጨረሻ ልጇ የሙኒሩ ልጅ ነው። ሙኒሩ ሌጎስ የጭነት መኪና ይጠግናል፤ በወር አንዴ ብቅ ይላል። ሚስቱ ሲኪራት ከአሻቢ ጋር ትኖራለች፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሕፃኑ በተወለደ በሦስተኛው ሳምንት ማቅረሸት ጀመረ። የማያቀረሽ ሕፃን የለም። ይሄኛው ግን የጠባውን ሁሉ ይመልስና ጀርባውን እንደ ቀስት ለጥጦ ይጮኻል። በስድስት ወሩ ስድስት ኪሎ ከመቶ ግራም ነበር። ምግብ ሲጀመርለት ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ ማንኪያው ገና ምላሱን ሲነካው ወደ ላይ ይለዋል። ዓይኑ ይፈጣል፣ አንገቱ ይገተራል፣ ከዚያ ምግቡም ወተቱም አንድ ላይ ይወጣል።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ኦዱንላሚ ትባላለች። አጠር ያለች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። አሻቢና ሲኪራት ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

“የሆዱ መዝጊያ ገና አልጠነከረም” አለች ነርሷ። “የበላው ተመልሶ ጉሮሮውን ያቃጥለዋል። ጉሮሮው ራሱ ደግሞ ደንባራ ነው፤ ትንሽ ነገር ይበቃዋል። ስለዚህ ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ምግቡ ወፈር ይበል፤ ቀጭን ሙቅ ቶሎ ይመለሳል። የማንኪያ ጫፍ ታህል ብቻ ከንፈሩን አስነኩትና ጠብቁ። እሱ ይምጣ። በእጁም ይንካው፣ ያቡካው፣ ፊቱን ይቀባው።”

“ይቀባው?” አለች አሻቢ። “ግድግዳ ነው?”

“ግድግዳ ቢሆን ይቀለን ነበር፣ እማማ። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት አይተኛ።” ነርሷ የአሻቢን እጆች አየት አደረገች። ማን እንደሆነች የማያውቅ የለም። “ደግሞ መጋት የለም። አፍንጫ መያዝ የለም። እዚህ ልጅ ላይ ፈጽሞ አይሆንም።”

“አንቺን ማን ጋተሽ?”

“እናቴ።”

“ታዲያ ሞትሽ?”

“እኔ አልሞትኩም። የሞቱት እዚህ መጥተው አይነግሩንም።”

አሻቢ ቤቷ ደጃፍ ላይ ስትደርስ፣ “የማንኪያ ጫፍ!” አለች። “ጫጩት ነው እንዴ የወለድሽው፣ ሙሽሪት?”

ሲኪራት ግን የተባለችውን አደረገች። ያም የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅላ፣ አድቅቃ፣ የዘንባባ ዘይት ጠብ አድርጋበት፣ ልጁን ቀጥ አድርጋ አስቀምጣ ትጠብቃለች። በመጀመሪያው ሳምንት ማንኪያው ከንፈሩን ሲነካው ዝም አለ። በሁለተኛው ላሰው። በስድስተኛው ሳምንት ሦስት ጫፍ ውጦ አልመለሰም፤ ሲኪራት ሌጎስ ደውላ ስልኩ ላይ አለቀሰች። በማግስቱ ጉንፋን ያዘውና ሁሉም ወደነበረበት ተመለሰ። አንዱ ምግብ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የስፌት መኪናዋ አቧራ ጠጣ። ልጁ በዘጠኝ ወሩ ስድስት ኪሎ ከሁለት መቶ፣ በአሥረኛው አምስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ሆነ።

“ከአምስት ተኩል ከወረደ ትልቁ ሆስፒታል እልከዋለሁ” አለች ነርስ ኦዱንላሚ። “እዚያ በአፍንጫው ቱቦ ይከቱለታል። እንዲያ ከለመደ በአፉ መብላቱ ይርቃል። እስከዚያ ታገሉ።”

የአሻቢ ጋንና የላሚዲ እናት ጋን ጎን ለጎን ናቸው።

“እሜቴ፣ የጨው ነጋዴ ቤት አልጫ ይበላል ሲሉ አላምንም ነበር” አለች የላሚዲ እናት።

“አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ።”

“የእኔን በሬ ያሳደገው እጅ የራሱን ጥጃ ምን ከለከለው?”

“ነርስ።”

“ቀብሩ ላይ ነርሷ ናት አብራሽ የምታለቅሰው?”

አሻቢ ጨርቋን መልሳ ጋኑ ውስጥ ደፈቀችው።

የገበያ ቀን ነበር። ሲኪራት የሰፋችውን ዩኒፎርም ለማስረከብ ወደ ኢቶኩ ገበያ ልትሄድ ተነሣች። እንደ ወጉ ተንበርክካ አማቷን ተሰናበተች።

“እማማ፣ ሰባት ጫፍ ብቻ። እምቢ ካለ ይተውት። ስመለስ አጠባዋለሁ።”

“ሂጂ ባክሽ። ስድስት ልጅ ወልጃለሁ።”

ሌላ ጊዜ አምስት ነበር የምትለው።

አሻቢ በመጀመሪያ የታዘዘችውን አደረገች። ልጁን የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ዙሪያውን በጨርቅ ደግፋ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው። የመጀመሪያዋን ጫፍ ከንፈሩ ላይ አስነካችው፤ ፊቱን አዞረ። ጠበቀች። ሁለተኛዋ ምላሱን ስትነካው ወደ ላይ አለው፤ የጠዋቱ ወተት በሙሉ ወጣ። ሸሚዙን አውልቃ ጠረገችው። የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አካንጂ ከመሞቱ በፊት እንዲህ ነበር፤ በግራ በኩል ሦስተኛዋ አጥንት ወጣ ብላ። ማንኪያውን አስቀመጠች። ተነሥታ ቀኝ እጇን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበች።

ኦጊ ሠርታ አቀጠነችው። ጭኗ ላይ አጋደመችው። ታገላት፤ ከእሱ የጠነከሩ ታግለዋት ያውቃሉ። አፉን ዘጋ፤ አፍንጫውን ደፈነች። ከፈተ። ዋጠ። እንደገና ዋጠ። ቅሉ ባዶ ሆነ። ሆዱ ከተወለደ ለመጀመሪያ ጊዜ ክብ ሆነ።

“የላሚዲ እናት! ነይ ሆዱን እይልኝ!”

የላሚዲ እናት በአጥሩ ቀዳዳ ገብታ በሁለት ጣቷ ሆዱን መታ መታ አደረገችው። “ከበሮ!” አለች። ሁለቱም ሳቁ።

የጠገበ ልጅ ይተኛል። አሻቢ ምንጣፉ ላይ በጀርባው አስተኛችው። ወደ ጋኑ ተመልሳ ጨርቋን ማገላበጥ ጀመረች። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። ሲኪራት ስትመጣ የምትላትን እያሰበች ነበር፤ ምንም ላትላት፣ ባዶውን ቅል ብቻ ልታሳያት።

የሰማችው ልቅሶ አልነበረም። የተከደነ ድስት ሲንተከተክ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነበር። ዞር ስትል ሙቁ በአፍንጫውም በአፉም እየወጣ ነው። ከንፈሩ የግራ እጇን ቀለም ይዟል። ደፍታ ጀርባውን መታችው፤ ጥቂት ወጣ፤ ሌላው ወደ ውስጥ ገባ። የላሚዲ ሚኒባስ ደጅ ቆሞ ነበር። ላሚዲ ወደ ሆስፒታል ሲነዳ አንዲት ቀልድ አልተናገረም።

ሙቁ ሳንባው ውስጥ ገብቷል አሉ ሐኪሞቹ። አሥራ ስምንት ቀን ተኛ። ሲኪራት አልጋው ሥር መሬት ላይ አደረች። ሙኒሩ ከሌጎስ መጣ፤ እናቱን ሰላም አላትና ወደ ልጁ አልጋ አለፈ።

አዪንላ ሲመለስ አምስት ኪሎ ከአራት መቶ ነበር። ቀጭን ቱቦ በቀኝ አፍንጫው ገብቶ ጉንጩ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ወተቱን በየሦስት ሰዓቱ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ወደ ቱቦው ይለቁለታል። በአፉ ምንም የለም። ሳህን ካየ ከንፈሩን እስኪነጣ ድረስ ይገጥማል። እናቱ ልታብሰው ጣቷን ወደ ፊቱ ስታቀርብ እንኳ ወደ ላይ ይለዋል። ጡትም ተወ።

ነርስ ኦዱንላሚ ቤት ድረስ መጣች። ማንም ላይ አልተቆጣችም፤ ለአሻቢ ይሄ ከቁጣው ባሰባት።

“አሁን ያለነው ከዜሮ በታች ነው” አለች። “ማንኪያው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ይየው ብቻ። ማንም አያንሣው።”

“መቼ ይበላል?” አለች አሻቢ።

“ዓመት ሊፈጅ ይችላል። የሚሳካላቸው አሉ።”

“የማይሳካላቸውስ?”

ነርሷ የተረፈውን ፕላስተር ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

በሦስተኛው ቀን አሻቢ ልጁን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። አዪንላ እጇን አይቶ ጀርባውን ለጠጠ፤ ወተቱ ሁሉ ወጣ፤ ቱቦውም አብሮ ወጣ። እንደገና ለማስገባት ሁለት ሰው ያዘው። ማታ ሲኪራት አማቷ ፊት ተንበረከከች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

“እማማ፣ እባክዎን እጅዎን አያሳዩት።”

አሻቢ ቀኝ እጇን ሽርጧ ውስጥ ደብቃ ሰነበተች። ልጁ ባለበት ክፍል አትበላም። በበሩ ስታልፍ ጎኗን አዙራ ነው። በዘጠነኛው ቀን ጋኑ አጠገብ ቁጭ ብላ ሁለቱን እጆቿን ስታያቸው አንድ ነገር መጣላት። አፍንጫውን የደፈነው ንጹሑ ነው። ልጁ የሚያውቀው ያልተነከረውን እጅ ነው። የተነከረውን ማን ይፈራል? የተነከረ እጅ በዚህ ሰፈር የሴት ሁሉ እጅ ነው።

ቀኝ እጇን እስከ ክርኗ ጋኑ ውስጥ ከተተች። አወጣችው፤ አረንጓዴ ነበር፤ ነፋስ ሲነካው ሰማያዊ ሆነ። እንደገና ከተተችው።

“አበድሽ እንዴ?” አለች የላሚዲ እናት። “አርባ ዓመት ያላቆሸሽውን!”

“አርባ አንድ።”

አሥራ አንድ ጊዜ ነከረችው። እየደረቀላት ሳለ አንዲት ወጣት እናት የስምንት ወር ልጅ አዝላ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። “እማማ፣ አልበላ ብሎኝ...” ስትል አሻቢ ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ አሳየቻት።

“ይታጠባላ!” አለች ልጅቷ።

“አይለቅም። ነርሷ ጋ ሂጂ።”

ከዚያ ወደ ቤት ገባች። ሲኪራት ልጁን ቀጥ አድርጋ ይዛው ተቀምጣለች። ማንኪያው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ያም አለ። አዪንላ እያየው ነበር። አሻቢ ራቅ ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ሁለቱንም እጆቿን መዳፋቸውን ገልብጣ ጉልበቷ ላይ አኖረቻቸው። ሲኪራት ቀና ብላ አየቻት።

ልጁ ዞረ። ቀኙን አየ። ፊቱ አልተለወጠም። ከዚያ ግራውን አየ፤ አፉ ተገጠመ፤ አንገቱ ተገተረ፤ ወተቱ ወጣ።

ቅሉን ይዞ ሙቁን ያፈሰሰው ግራው ነበር። ተኝቶ ሽቅብ ሲያይ ከፊቱ የነበረው እሱ ነው። አሻቢ ይህን አላሰበችውም ነበር።

እጆቿን ከጀርባዋ አድርጋ ተነሣች። ሲኪራት ልጁን ጠራረገች፣ ቱቦውን አየች፣ አልወጣም፤ ሲሪንጁን ወተት መሙላት ጀመረች።

“ዛሬ እንዴት ዋለ?” አለች አሻቢ ከበሩ፣ ጀርባዋን ሰጥታ።

“ማንኪያውን ብዙ አየው። አላስመለሰም። እርስዎ እስኪገቡ ድረስ።”

“ነገስ?”

“ነገ ማንኪያውን እንደገና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ።”

አሻቢ ወደ ጋኑ ወጣች። የትናንቱ ጨርቅ እዚያው ተረስቷል፤ ከልኩ በላይ ቆይቶ ጠቁሯል፤ የሚገዛው የለም። በሁለቱም እጇ አወጣችው።