የባንተአምላክ ሰባት ቀዳዳ

ከሞጣ እስከ ብቸና ባንተአምላክ የከደነው ቤት አያፈስም። ቆርቆሮ ሲመታ ከምስማሩ ራስ ሥር የመኪና የውስጥ ጎማ ቁራጭ ያስገባል፤ ሃያ ዓመት በዚህ ኖሯል፣ ሃያ ዓመትም አውርቶበታል። ጎረቤቱ ነኝና፣ አንድ ጊዜ ባፈሰሰና አፉን በዘጋልኝ እያልኩ ተመኝቻለሁ።

ዘንድሮ ዓባይ ዳር ካለ ደብር መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ አስጠሩት፤ እኔም ዕቃ ልሸከምለት አብሬው ወረድኩ። ደብሩ ትንሽ የአሉሚኒየም ጀልባ አግኝቷል። የመሪጌታ ጉልበት ግን ስለማይታጠፍ ወለል ላይ መቀመጥ አይችሉም፤ ያልታሰረ በርጩማ ደግሞ ወንዝ ላይ ይገለበጣል። ከማዶ እህታቸው ታማ ተኝታለች።

"አግዳሚ ወንበር ግጠምልኝና በቁሟ ልያት" አሉት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ባንተአምላክ ግን እንደለመደው ከላይ ጀመረ። ወለሉን በስቶ አግዳሚውን በቡሎን አሰረ፣ ጎማውንም ከቡሎኑ ራስ ሥር አደረገ። ጀልባዋ እንደተንሳፈፈች ውሃ ገባ። ጣሪያ ላይ ዝናብ ከላይ ይወርዳል፤ ወንዝ ከታች ይገፋል። ይህ ሦስት ቀን ሙሉ አልገባውም። አግዳሚውን ስንዝር እያሸሸ እንደገና ይበሳል፣ ሬንጅ ይቀባል፣ ይሳደባል። ቀዳዳው ሰባት ደረሰ። መሪጌታ በየማለዳው በበቅሎ እየመጡ "ዛሬስ?" ይላሉ።

"ነገ፣ የኔታ" ይላል፣ ዓይናቸውን ሳያይ። እኔም ሳቄን ተውኩ፤ ንዴቱ ተጋባብኝ።

በአራተኛው ቀን ስምንተኛውን ሊበሳ መሰርሰሪያውን ሲያነሳ፣ በቅሎዋን የምትስበው የመሪጌታ ልጅ ፀሐይነሽ የኮርቻውን ጠፍር እያላላች አየችው።

"ኮርቻ እኮ በምስማር አይመታም" አለች።

ባንተአምላክ መሰርሰሪያውን አስቀመጠ። በጀልባዋ ጠርዝ ግራና ቀኝ ከመጀመሪያውም ቀለበት ነበረ። አግዳሚውን በጠፍር ከቀለበቶቹ ጋር ጠፍንጎ አሰረው፤ ንቅንቅ አላለም። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ሰባቱን ቀዳዳ ለመድፈን ግን ሞጣ ሄዶ አሉሚኒየም የሚበይድ ሰው ማምጣት ነበረበት፤ ሁለት ቀን ፈጀ።

በስድስተኛው ቀን ተሻገርን። መሪጌታ አግዳሚው ላይ፣ ባንተአምላክ ወለሉ ላይ መዳፉን በድፍኖቹ ላይ ዘርግቶ። አንድ ጠብታ አልገባም።

ማዶ ስልክ አይሠራም፤ ስንደርስ ነው የሰማነው። እህታቸው ትናንት ተቀብራለች።

መሪጌታ ብዙ ካለቀሱ በኋላ የባንተአምላክን ትከሻ ተደግፈው "አላፈሰሰም፣ ልጄ፤ እጅህ ይባረክ" አሉት።

ዛሬ ሰው "ባንተአምላክ የከደነው አያፈስም" ሲል ከሰማ ተነስቶ ይወጣል።