ለሌለ ሬሳ የቀረች መርከብ

ራውሬቲ ያረጀው አገሩ ባላት አንዲት የጥበቃ መርከብ ሆድ ውስጥ፣ በሁለት ሞተሮች መሃል ነው። ከባሕር ሲመለስ ሚስቱ የናፍጣው ሽታ እስኪለቀው ደጅ ታስተኛዋለች። መርከቧ ትንሽ ናት፤ የምትጠብቀው ባሕር ግን ዳርቻ የለውም።

አንድ ቀን አንድ ነጭ የውጭ መርከብ ከኮራል አለቱ ማዶ መረቡን ዘርግቶ ቱና ዓሣውን እያፈሰ መሆኑ ተሰማ። ካፒቴን ታቦካይ በማግስቱ ማለዳ ሄደው እንደሚይዙት ለሠራተኞቹ ነገረ።

ከሰዓት በኋላ የራውሬቲ እናት ወንድም ኢዮቴብ መጣ። ለዓሣ አጥማጅ መርከቦች ውኃና ስንቅ የሚያቀርብ፣ በመንደሩ የተከበረ ሰው ነው። ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ የቀረበለትን የኮኮነት ውኃ ጠጣና ቡቡቲ ይዤ መጣሁ አለ። ዘመድ ይህን ቃል አውጥቶ ከለመነ አይከለከልም፤ ብስክሌትም ይሁን አሳማ ይሰጠዋል። የከለከለ ሰው ኀፍረቱ ለልጆቹ ይተርፋል።

"የምለምነው አንተን ነው" አለ ኢዮቴብ። "የሚስቴ ወገን ሞቶብናል። ሬሳውን የሚወስደው የጀልባዬ ሞተር አልነሣ ብሏል። ነገ መጥተህ ሥራልኝ።"

ያለ ሞተረኛ መርከቧ አትወጣም። ራውሬቲ ጭንቅ ይዞት ለካፒቴኑ ቢነግረው፣ ካፒቴኑም የዚያው አገር ሰው ነውና ለሬሳማ ሂድ፣ እኛ አንድ ቀን እንቆያለን አለው። በሬሳ የሚዋሽ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የኢዮቴብ ቤት የኮራል አለቱ ካጠረው ሐይቅ ማዶ፣ ለብቻዋ ባለች ደሴት ላይ ነው። ራውሬቲ ማለዳ ተሻግሮ ሞተሩን ሲከፍት ብልሽቱ አንድ የተነቀለ ሽቦ ብቻ ሆኖ አገኘው። መልሶ ሰካው። ባሕሩ ግን ሸሽቶ ጀልባዋ አሸዋ ላይ ቀርታ ነበር፤ ውኃው እስኪመለስ መሄጃ የለም። ሬሳው የት እንዳለ ሲጠይቅ እየመጣ ነው ተባለ። እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲዞር በዘንባባው ግድግዳ በኩል የአጎቱን ድምፅ ሰማ። ኢዮቴብ በሬዲዮ ያወራል።

"ዛሬ አትወጣም። ሞተረኛው እኔ ዘንድ ነው። ተረጋግታችሁ ጨርሱ።"

ከወዲያ በአገሩ ቋንቋ እሺ ያለውም፣ በነጩ መርከብ ላይ የተቀጠረ የአገር ልጅ ነበር።

ራውሬቲ በሩ ላይ ቆመ።

"ሬሳው የታለ፣ አጎቴ?"

"ተው እንጂ የእህቴ ልጅ፣ ለዓሣ ብለህ ዓይንህን አታፍጥብኝ። ዋኝቶ የመጣ ነው፣ ዋኝቶ ይሄዳል።"

"ሰው ገድለህ ነው የለመንከኝ።"

"ያልተወለደ ሰው አይሞትም" አለና ሳቀ።

በማግስቱ መርከቧ ከአለቱ ማዶ ስትደርስ ያገኘችው ውኃው ላይ የተንሳፈፈ ዘይትና ባዶ የካርቶን ሣጥን ነው። የሆነውን ሁሉ ራውሬቲ ራሱ ነገራቸው። ባልደረቦቹ ግን ምላሳቸውን አልሰበሰቡም፤ ቀብሩ አማረ ወይ፣ ለቅሶ እንድረስህ ወይ ይሉታል። የከነከነው ቀልዱ አልነበረም። አባቱ ብስክሌቱን፣ እናቱ ብቸኛ ድስቷን በዚያ ቃል ሰጥተዋል፤ ያን ቃል አጎቱ ለሌባ ዘብ አቆመው።

እሑድ ዕለት ሁሉም በመንደሩ ሸንጎ ቤት በየቤተሰቡ ቦታ ተቀምጧል። ኢዮቴብ ወጣቱ ልማድ ማክበር ተወ እያለ ይወቅሳል። ሲጨርስ ራውሬቲ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ተናገረ።

"አጎቴ፣ እኔም ቡቡቲ አለኝ። ሬዲዮህን።"

ኢዮቴብ ሬዲዮው የእንጀራው መሣሪያ መሆኑን አስረዳ፤ ሌላ ነገር ይጠይቀኝ፣ አሳማም ቢሆን አለ። የኢዮቴብ ሚስት እናት ከወዲያ ጥግ ጣልቃ ገቡ።

"ለምኖሃል እኮ። አንተ ስትለምነው እሱ ለምን ብሎህ ነበር?"

ኢዮቴብ ራሱ ሄዶ አመጣው፤ ሽቦው መሬት ለመሬት እየተጎተተ።

ራውሬቲ ሬዲዮውን ከመርከቧ ባትሪ ጋር አገናኘው። ወር ሳይሞላ አንድ ማለዳ፣ ካፒቴኑና እሱ መርከቧ ላይ ሻይ ሲጠጡ፣ ያ የአገር ልጅ ድምፅ መጣ።

"ኢዮቴብ፣ ኢዮቴብ። ከአለቱ ማዶ ደርሰናል። መርከቧ ወጥታለች ወይስ ቆማለች?"

ካፒቴኑ ሊመልስለት እጁን ሰደደ። ራውሬቲ ያዘው።

"ተወው፣ ይጥራ" አለና ሞተሮቹን ሊያስነሣ ወደ ታች ወረደ።