እማማ ዘሃራ የመረጉት ግድግዳ

ነገ የልጅ ልጄን የምንድርበትን፣ መርሳ ያለውን የታደሰ አሮጌ አዳራሽ ልናይ ስንገባ የእርጥብ ኖራ ሽታ ተቀበለኝ።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ሊፈርስ የደረሰውን ይህንኑ አዳራሽ የመንደሩ ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ጭቃ መርጎ ኖራ ቀብቶ አዳነው። ባላባቱ ልጃቸውን ሲድሩበት ሁላችንንም ጠሩ። ለእስላም ጎረቤት ለብቻ ማሳረድ የአገራችን ወግ ነው፤ ያን ቀን ግን የታረደው በክርስቲያን እጅ ብቻ ነበር። ጎረቤታችን እማማ ዘሃራ ጦማቸውን ደጅ ቀሩ። ሴት አያቴ ይህን ሲያዩ ገበታውን ትተው ተነሱ።

“ምነው እማማ፣ ወጡ አልጣመዎትም?” አሉ ባላባቱ እየሳቁ።

“ወጡስ ጣፍጧል፣ ጌታው። ዘሃራ የመረገችው ግድግዳ ውስጥ ተቀምጬ፣ ዘሃራን ደጅ አቁሜ አልውጥም!”

እጄን ይዘው ወጡና ከእማማ ዘሃራ ጎን፣ ፀሐይ ያጋለው ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

“ኧረ በአላህ ግቢ፣ ይርብሻል” አሉ እማማ ዘሃራ።

“ዝም በይ! ረሃብን ዛሬ ነው የማውቀው?”

በኋላ ታርዶላቸው እንደሆነ አላስታውስም።

ዛሬ የአዳራሹን ኃላፊ ለእስላም እንግዶቻችን ለብቻ እንዲታረድ ስጠይቀው፣ “እማማ፣ ምግቡን የምናቀርበው እኛ ነን። ለእስላሞቹ ሰላጣ አለ” አለኝ።

ወንበር አስመጥቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። “ለብቻ ካልታረደላቸው ሙሽራዋም በዚህ አታልፍም!”

እሱ ስልክ እየደወለ ነው። እኔም እንደተቀመጥኩ ነኝ።