እግር የሌለው ትራንዚስተር

ሌሎች ስደተኞች ሲጽፉ አገራቸውን የሚለቁት በጨለማ ነው። እኔ ከደሴ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰኞ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት ነው። ሻንጣዬን የጫነው ሚኒባስ ከእህል ጫኝ አህዮች መሀል ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ በመስኮቱ በኩል እጄን ይዛ ቆማ ነበር። የመሰነባበቻውን ቃል ሦስቴ ተባብለን ጨርሰናል፣ ሚኒባሱ ግን አልንቀሳቀስ አለ፤ ሁለታችንም ማፈር ጀመርን። የምሄደው ለሦስት ወር የኤሌክትሪክ ሥልጠና ወደ ጀርመን ነበር። በሦስተኛው ወር እመለሳለሁ ብያት ነበር፣ እሷም አምናኛለች፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ራሴን አምኜው ነበር።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ሾፌሩን ለምኜ አምስት ደቂቃ አስቆምኩና ጋሽ ይማምን ተሰናበትኩ። ጋሽ ይማም ሙያዬን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ ራዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናሉ። እሳቸው ዘንድ አዲስ እቃ ተገዝቶ አያውቅም። የሞተ ቴሌቪዥን አይጣልም፣ ይታረዳል፤ ሆድ ዕቃው ወጥቶ በየጣሳው ይቀመጥና ሌላ በሽተኛ ሲመጣ ከዚያ ተነቅሎ ይተከልለታል። ስምንት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አንድም ቀን ከሱቅ የተገዛ ትራንዚስተር፣ ያቺን በመሣሪያ ሆድ ውስጥ ኤሌክትሪክ የምትቆጣጠር ጥፍር የምታክል እቃ፣ በእጄ አልነካሁም። ይህን አሁን የምነግራችሁ ኋላ የሠራሁትን ስህተት እንድትረዱልኝ ነው።

ሦስቱ ወር አለቀ፣ እኔ ግን አልተመለስኩም። ምክንያቱን ብዘረዝር ራሴን ለማስተዛዘን ይመስልብኛል። ጥገኝነት ጠየቅሁ፤ የሰጡኝ ወረቀት እንድኖር ይፈቅዳል፣ ወጥቼ እንድመለስ ግን አይፈቅድም። አገሩን እንደምንም ለመድኩት እንጂ አልተላመድንም። ዳቦአቸው ከእኛ እንጀራ ይበልጥ ይኮመጥጣል፣ ግን ወጥ አይጠቀልልም። ዝናቡም የደሴ ዝናብ ዓይነት አይደለም፤ የደሴ ዝናብ ዶፉን ያወርድና መንገዱን ይቀጥላል፣ የዚህኛው ሳምንቱን ሙሉ ሳይናደድ ያካፋል። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ሰላም ስትላቸው ሰላም ይላሉ፤ የቤተሰብህን ደኅንነት አንድ በአንድ መጠየቅ ስትጀምር ግን ፖሊስ የላከህ ይመስላቸዋል።

በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ልብስ አጥባለሁ። እናቴ ሳንባዋ ደክሞ ሐኪሞቹ ቤቷ ኦክስጅን ያስፈልጋታል ሲሉ፣ እኔ የምሠራበት ቤት አንዲት አሮጌ መሣሪያ ሊጥል በር ላይ አውጥቶ ነበር። ከአየር ላይ ኦክስጅን እያጠለለች በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ የምትልክ፣ የትንሽ ፍሪጅ ቁመት ያላት ነገር ነች። ለመንኩ፣ ሰጡኝ፣ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው አሸክሜ ላክሁ። እናቴ አንድ ዓመት ሙሉ በእሷ ተነፈሰች። በመጠኑም ቢሆን የልጅነት ድርሻዬን የተወጣሁ ያህል ተሰምቶኝ፣ በዚያ ዓመት እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

አንድ ቀን ደሴ መብራት ሄደ። ሲመለስ በኃይል ተመለሰ፣ መሣሪያዋም በዚያው ቀረች። እህቴ ኸድጃ ደወለችልኝ። እናቴን በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል ኮምቦልቻ ወደ እሷ ቤት አውርዳታለች፤ ደሴ ከፍታ ነው፣ አየሩ ይሳሳል፣ ዝቅ ሲሉ መተንፈሱ ትንሽ ይቀላል። ሆስፒታል አስተኝተዋት ትንሽ ቀና ስትል መልሰዋታል።

“ተኝታ አታድርም፤ ትራስ ደግፈንላት ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው” አለችኝ ኸድጃ። “ማሽኗን ጋሽ ይማም ከፍተዋታል።”

ጋሽ ይማም ስልኩን ተቀበሏት። “ሰኢድ ልጄ፣ የተቃጠለችው አንዲት ትራንዚስተር ነች። ቤት ያለውን ሬሳ ሁሉ አገላበጥኩት፣ ወላሂ እሷን መሳይ የለም። ቁጥሯን ያዝ።” በማጉያ መነጽር እያዩ ፊደልና ቁጥሩን አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ እኔም በልብስ ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ ጻፍኩት።

እዚህ የኤሌክትሮኒክስ እቃ ለዓለም ሁሉ የሚልክ አንድ ትልቅ ኩባንያ አለ። በኢንተርኔት ገጹ ገባሁ። በመጀመሪያ ለግለሰብ አንሸጥም፣ ለድርጅት ብቻ ነው አለኝ። እሺ ብዬ “ይማም ራዲዮ ጥገና፣ ኮምቦልቻ” ብዬ ድርጅት አቋቋምኩ። የመንገድ ስም ጠየቀኝ። ፖስትኮድ ጠየቀኝ፤ ባዶ ስተወው በቀይ ጽፎ ተቆጣኝ፣ ስለዚህ አምስት ዜሮ ሰጠሁት። በነጋታው ከኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት አንዲት ሴት ደወለች።

“አድራሻው ‘ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት’ ይላል። ይህ የመንገዱ ስም ነው?”

“አይ፣ ወፍጮ ቤት ነው።”

“የቤቱ ቁጥርስ?”

“ይማም ብሎ መጠየቅ ነው።”

“ማንን?”

“መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው።”

ስትጽፍ ይሰማኛል። የሠራተኛ ብዛት ጠየቀችኝ፣ አንድ አልኳት። ድረ ገጽ ጠየቀችኝ፣ ገና ነው አልኳት። ከዚያ ድምጿን ሕጋዊ አድርጋ ከወረቀት ላይ ማንበብ ጀመረች፤ እቃው ለሚሳይል፣ ለኒውክሌር ወይም ለኬሚካል መሣሪያ ሥራ ይውላል?

“ጋሽ ይማም ዶሮ እንኳ የሚያሳርዱት ጎረቤት ጠርተው ነው” አልኳት።

“ይህን አይደለም ብዬ እመዘግበዋለሁ። ታዲያ ለምንድን ነው የሚውለው?”

“እናቴ ሳንባዋን ታማለች። የኦክስጅን ማሽኗ ተበላሽቶ…”

“ቆይ፣ አቁም” አለችኝ። መጻፏን አቆመች። “የሰው ሕይወት ለሚያቆይ መሣሪያ ከሆነ ኩባንያችን አይሸጥም። ደንብ ነው፣ ኋላ ብንከሰስስ ተብሎ የወጣ። አሁን ጥያቄውን እንደ አዲስ ልጠይቅህ። ድርጅታችሁ የሚጠግነው ራዲዮ ነው፣ አይደል?”

“ነው።”

“ስለዚህ ለራዲዮ ጥገና ብዬ ልጻፍ?”

“ጻፊ” አልኳት። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ድምጿን ዝቅ አድርጋ “ለራዲዮዋ ምሕረት ይምጣላት” አለችኝ። በዚህ አገር ከሰማሁት ቃል ሁሉ ይህን የሚያህል የለም፤ ፊቷን አላውቀውም፣ እስካሁን ግን ዱዓ አደርግላታለሁ።

እቃው መንገድ ጀመረ። የት እንደደረሰ የሚያሳይ ገጽ ስላለ ከእሱ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ላይፕዚሽ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ፣ ተነሣ። አዲስ አበባ ደረሰ፣ ቆመ። እዚያው አሥራ አንድ ቀን ቆመ። ትራንዚስተሯ ያለ ቪዛ፣ ያለ ጥገኝነት ወረቀት እናቴ አገር ገብታለች፣ እኔ የምሳ እረፍቴን ቁጭ ብዬ አያታለሁ። ቀናሁባት ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። በየማታው እየደወልኩ እናቴ እንዴት ዋለች እላለሁ፤ ኸድጃ “አልሐምዱሊላህ” ትላለች፣ ግን አባባሏ በየቀኑ እያጠረ ሄደ። አከራዬ ሄር ቮልፍ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ያዘኝ።

“ስልክ ስታወራ ለምን ትጮሃለህ?”

“ኢትዮጵያ ሩቅ ናት።”

“ስልኩ ርቀቱን አያውቀውም እኮ” አለኝ። እውነቱን ነው፤ የሚያውቀው እኔ ነኝ። ነገሩን ስነግረው ግን ቆቡን አወለቀና እስኪደርስ ድረስ እንደልብህ ጩህ አለኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኸድጃ አዲስ አበባ ሄዳ፣ ስትፈርምና ስታስፈርም ውላ እቃውን አወጣች። በማግስቱ ጋሽ ይማም ደወሉ።

“ሰኢድ፣ ይህች ነገር እግር የላትም።”

“እንዴት እግር የላትም?”

“የእኛዋ ሦስት እግር አላት፣ የምትበየድበት ቦርድ ላይ ሦስት ቀዳዳ አለ። ይህች ጠፍጣፋ ነች፣ የምስር ፍሬ ታክላለች። የላክኸው አምስቱም እንደዚያው ነው።”

የኩባንያውን ገጽ ከፍቼ አየሁ። በአንድ ቁጥር የሚጠሩ ሁለት ዓይነት ነበሩ፤ የሚለያቸው መጨረሻ ላይ ያለ ፊደል ብቻ ነው። አንደኛዋ በእጅ የምትበየድ ባለ እግር ነች፣ ሌላዋ በፋብሪካ ማሽን ቦርድ ላይ የምትለጠፍ። እኔ ከላይ ያገኘኋትን መረጥኩ። ጋሽ ይማም ዘንድ የመጨረሻውን ፊደል አንብበን አናውቅም፤ ለምን ብለን? እቃውን ራሳችን ከሬሳው ላይ ስንነቅለው እግሩን በዓይናችን እናየዋለን። ጋሽ ይማምም ያን ፊደል አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁ። ግን እሳቸው መስኮት የሌለው ቤት ውስጥ በማጉያ ነው ያዩት፤ እኔ ብርሃን ባለበት አገር ተቀምጬ ማንበብ ሲገባኝ አላነበብኩም።

“ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ። እንደገና ልዘዝ? ከሦስት ሳምንት በላይ ይፈጃል።”

“ሦስት ሳምንት” አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ከአጠገባቸው ያለ ሰው እንዳይሰማ መሰለኝ፣ ከቤት ወጡ። “ልጄ፣ አልዋሽህም። እናትህ ዛሬ ከንፈሯ ጠቁሯል። ሦስት ሳምንት አትበለኝ።”

እቃ ማጠቢያው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ወደ አገሬ ያልመለስኩትን እግሬን አንዲት ትራንዚስተር እንድትተካልኝ ልኬ፣ እሷንም ተሳስቼ ላክኋት። አለቀስኩ።

“አብሽር” አሉኝ ጋሽ ይማም። “እግር ከሌላት እግር እናበጅላታለን። አምስት ነው የላክኸው፣ አራቱን ላበላሽ እችላለሁ ማለት ነው።”

ሁለቱን አበላሹ። ዓይናቸው እንደ ድሮው አይደለም፤ ኸድጃ በአንድ እጇ ማጉያውን፣ በሌላው የእጅ ባትሪ ይዛ ከአጠገባቸው ቆመች። ከአሮጌ ትራንስፎርመር የመዳብ ሽቦ ፈትተው ቆራርጠው ለዚያች ምስር ሦስት እግር በየዱላት። ሙቀቱ እንዳይገድላት ጀርባዋን የመዳብ ቁራጭ ላይ አጋደሟት። ሦስተኛዋ በእግሯ ቆመች። ኸድጃ እንደነገረችኝ፣ ማብሪያውን ከመጫናቸው በፊት “ቢስሚላህ” ብለው እጃቸው ለረጅም ጊዜ እላዩ ላይ ቆየ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ኸድጃ ደወለችልኝ። ከድምጿ በፊት የማሽኗን ድምፅ ሰማሁ፤ እንደ ወፍጮ ታጓራለች። ሁለት ቀን ሙሉ ሳታቋርጥ ሠርታለች፣ የእናቴ ከንፈር ቀለሙ ተመልሷል፣ ሌሊቱንም ትንሽ ጋደም ብላ አንቀላፍታለች። ጋሽ ይማም በየሰዓቱ እየመጡ የማሽኗን ጎን በእጃቸው ይዳስሳሉ አለችኝ። እስከ መቼ ትቆያለች ብዬ ላስጠይቃቸው አሰብኩና ተውኩት፤ ባለ እግሮቹን በዚያው ሰሞን አዝዤ ነበር፣ ገና መንገድ ላይ ናቸው። ኸድጃ ስልኩን ለእናቴ ሰጠቻት።

“ሰኢድ? አንተ ነህ? አልሰማህም ልጄ፣ ይህች ነገር ታጓራለች።”

“ተያት እማዬ፣ ታጓራ። እኔ ጮክ ብዬ አወራለሁ።”

“ምን አልክ? ኸድጃ፣ እስቲ አጥፊያት።”

“እማዬ፣ አታስጠፊያት። ኸድጃ!”

“ትንሽ ነው። ድምፅህን ልስማ።”

ማጥፊያው ቀጭ ሲል ሰማሁት። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ወረደና ቆመ። ከዚያ በኋላ የሚሰማኝ የእሷ ትንፋሽ ብቻ ሆነ፤ አጭር፣ ከሩቅ የሚሳብ።

“አሁን ሰማሁህ” አለችኝ። “ምን በላህ ዛሬ?”

ደኅና ሁኚ ብዬ ብዘጋው መልሰው ያበሯታል። ይህን አውቃለሁ። እያንዳንዷ የምጨምራት ቃል ከእሷ ትንፋሽ ላይ የምትቀነስ እንደሆነች ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከቁርሱ ጀምሬ ነገርኳት።