ቼናይ ላይ የገዛነው አቡጀዲ

ሐኪሙ ጠዋት የተናገረውን ለአባቴ በትክክል አልተረጎምኩለትም። ጉበቱ አልቋል፣ ወደ አገሩ ውሰጂውና ከቤተሰቡ ጋር ይሁን ነበር ያለኝ። ጎንደር እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ያን ቀን ግን ቋንቋውን ከነጭራሹ ባላውቀው ደስ ባለኝ። አባባ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ፣ «መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፣ ያሰኘውን ይብላ፣ ይንሸራሸር ብሏል» አልኩት። በእኛ ዘንድ ለታማሚ ቁርጡን መንገር ነውር ነው፤ መርዶ እንኳ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እዚያ ሕንድ አገር ደግሞ ሽማግሌ ከየት ላምጣ?

«እንግዲያው እንንሸራሸራ!» ብሎ ከዘራውን አነሳ።

በረራችን በማግስቱ ስለነበር ከሰዓቱ የእኛ ነበር። ወበቁ ድስት ከፍተው እንዳጎነበሱበት ፊት ላይ ይተነፍሳል። ባጃጅ ስንይዝ አባባ ሳቀ። «ይህችስ ፒያሳ ያለችው ናት፤ ሾፌሩም ያው ቀማኛ ነው» አለና በጣቶቹ ይከራከረው ጀመር።

አባባ አርባ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። ሳይከራከር የገዛውን ዕቃ አላውቅም። እዚያም ለእናቴ ነጠላ ጫማ ሲገዛ ሁለቴ ጥሎ ወጣ፣ ሁለቴ ተመለሰ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አፍርበት ነበር። ያን ቀን ግን በልቤ ተከራከር፣ እስኪመሽ ተከራከር እለው ነበር።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ከዘራውን አሸዋው ላይ ተክሎ ቆመ። ከጣና ሌላ ውኃ አይቶ አያውቅም።

«ማዶ የለውም እንዴ?» አለኝ።

«አለው፤ አይታይም እንጂ።»

አንዲት ሴት በከሰል የምትጠብሰውን በቆሎ ሎሚና በርበሬ ቀብታ ሰጠችን። «ሸጋ ነው» እያለ ቆረጣጠመው። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲበላ አይቼው አላውቅም። እኔ ግን ልብ ሲያውቅ ገንፎ ያንቅ ሆነብኝና የኔውንም ለእሱ ሰጠሁት። ዱዓ ላደርግ ሞከርኩ፤ ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ። ተስፋ የሚባለው ነገር ጠዋት እዚያች ክፍል ውስጥ ቀርቷል።

መግሪብን ባሕሩ አጠገብ ካለ መስጊድ ሰግደን ስንወጣ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለች የጨርቅ ሱቅ ዘው ብሎ ገባ። የሐሩን፣ የጥልፉን አልፎ ነጭ አቡጀዲ አስወረደ። በጣቶቹ መሀል አሸት አሸት አደረገና በገዛ ክንዱ ለካው። ሻጩ ዋጋውን ተናገረ። አባባ የተባለውን አውጥቶ ከፈለ።

«ምነው አባባ፣ ሳትከራከር?»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። በሱቃችን የዋጋ ክርክር የማይነሳበት አንድ ጨርቅ ብቻ ነበር፤ ሬሳ የሚጠቀለልበት ከፈን። ለከፈን የመጣ ሰው አይከራከርም፣ አባባም አያተርፍበትም። ያሰኘውን ይብላ የሚባለውም ለማን እንደሆነ እኔ ረሳሁት እንጂ እሱ አልረሳውም።

እዚያው ሱቁ በር ላይ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እሱ ጨርቁን እንደ ሱቁ ልማድ ጥርት አድርጎ አጠፈና ከእናቴ ጫማ ጋር ፌስታሉ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ክንዴን ያዘ።

«ተይ እንጂ፣ ሰው ያያል» አለኝ። «እናትሽ ስትጠይቅሽ ለኔ የነገርሽኝን ያንኑ ንገሪያት።»